በእናት ወገን

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሰባተኛው ዓመት፣ በበጋው ሁለተኛ ወር፣ ስምንት መቶ ያህል ሰዎች በአንድ ሰፊ ረግረግ ዳርቻ ሰፍረው ቦይ ይቆፍሩ ነበር፤ በረግረጉ ላይ የባቡር ሐዲድ እንዲያልፍ ታዟልና። ውሃው ወደ ወንዙ ተጠርጎ እስኪወርድ ሐዲዱ አንድ ክንድ አይራመድም፤ ውሃው እስካለ ትንኟ ትራባለች፤ ትንኟ እስካለች ወባ አለች፤ ወባ እስካለች ድረስ ደግሞ በየማለዳው ከስምንት መቶው ቆፋሪ ሁለት መቶው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ውሃው አይወርድም። የሥራው ጠቅላይ ሹም ይህን ዙሪያ ጥምጥም በደብዳቤ ዘርዝረው ለበላይ ቢያመለክቱ፣ ከአራት ወር በኋላ መልስ ሆኖ የመጣላቸው አንድ ዋና ሐኪምና ስድስት ሣጥን አዲስ ክኒን ነበር።

ክኒኑን የማስዋጡ ሥራ በካምፑ ድሬሰር ላይ ወደቀ። ይህ ሰው ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ነው፤ በጎረምሳነቱ ከእናቱ ቤት ወጥቶ ከጦር ሠራዊት ጋር አገር ለአገር ሲዞር፣ ቁስል ሲያጥብና ሲያሽግ ዕድሜውን ፈጅቶ፣ ከአንዲት ታላቅ እኅቱ በቀር ዘመድ የማያውቅ ሆኖ ወደ ተወለደበት አካባቢ የተመለሰ ሰው ነበር። እግሮቹ ያብጣሉ፤ ወገቡ ካጎነበሰ ለመቅናት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶም ደክሞት ይነሣል። በየማለዳው ከቆርቆሮው ሕክምና ክፍል ፊት ለፊት ጠረጴዛውን አውጥቶ መዝገቡን፣ የክኒኑን ጣሳ፣ የውሃውን ባልዲና በሰንሰለት የታሰረውን ኩባያ ይደረድራል፤ ኩባያው የታሰረው የፊተኞቹ ሦስት ኩባያዎች እግር አውጥተው ስለሄዱ ነው።

ዋና ሐኪሙ የሰጡት ትእዛዝ አጭርና ጥብቅ ነበር፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ አሥራ አራት ቀን ሳያቋርጥ ይውጣል፤ የሚውጠውም በድሬሰሩ ዓይን ሥር ነው፤ ከዋጠ በኋላ አፉን ከፍቶ ምላሱን ያነሣል፤ አልውጥም ያለ ከሥራ ይሰናበታል፤ ሳያስውጥ ዋጠ ብሎ የጻፈ ድሬሰርም እንዲሁ። ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም፤ የቀድሞውን መራራ የወባ መድኃኒት ሠራተኛው እየተቀበለ አጥር ሥር ሲተፋው ሁለት ዓመት አልፏልና። ስለዚህ ድሬሰሩ በቀን መቶ ጊዜ “አፍ ክፈት! ምላስ አንሣ!” ይላል፤ ሠራተኛውም ለዚህ ውለታው “አፍ ክፈት” የሚል ስም አወጣለት፤ በመንገድ ያዩት ሁሉ ሰላም እንደማለት አፋቸውን ይከፍቱለት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ክኒኑ ሠርቷል። የመጀመሪያው ቡድን አሥራ አራት ቀኑን ሲጨርስ ብርድ ልብሱን ጥሎ ወደ ቦዩ ወረደ፤ ወባ ከተደበቀችበት ከጉበት ውስጥ ሥሯ ተነቀለ ተባለ። መከራው የመጣው በሁለተኛው ቡድን ነው።

በዚያ ቡድን ውስጥ አንድ ወጣት ጋሪ ነጂ ነበር፤ አፈር የሚያመላልስ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ከበቅሎው ጋር እንኳ የሚጨቃጨቅ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰልፉን ትቶ ወደ ጠረጴዛው ጎን መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ጋሼ፣ ሽንቴ ጠቆረብኝ” አለ።

“እንዴት ነው የጠቆረው?”

“የሻይ ዝቃጭ ነው የሚመስለው። ወገቤም ተቆረጠ።”

ድሬሰሩ የወጣቱን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጎ ቢያይ ነጩ ብጫ ሆኗል። በሠራዊት ሳለ የተማረው፣ ወባ የከፋችበት ሰው ሽንቱ ይጠቁራል የሚል ነበር፤ ለወባ ደግሞ መድኃኒቱ ክኒኑ ነው። በዚያው ዕለት ለጉብኝት የመጡት ዋና ሐኪምም ይህንኑ አጸኑለት፤ “እንዳያቋርጡበት፤ በሽታው ሲነቀል ነው” አሉት። በማግስቱ ጋሪ ነጂው በሁለት ሰው ተደግፎ መጣና ክኒኑን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

“አልውጥም፣ ጋሼ። እኔን እየገደለኝ ያለው ይኼ ነው።”

“ለራስህ ብዬ ነው፣ ልጄ” አለው ድሬሰሩ፤ በግራ እጁም መንጋጋውን ያዘ፤ በቀኙ ክኒኑን ወደ ጉሮሮው ላከው፤ ለስንት እምቢተኛ ወታደር ያደረገውን ነው። በስድስተኛውም በሰባተኛውም ቀን እንዲሁ አደረገ። በስምንተኛው ቀን ጋሪ ነጂው ሞተ። ድሬሰሩ ስሙን ከነአባቱ ስም ጽፎ ከፊቱ “ወባ” የሚል ቃል አኖረ፤ ከዚያም እጁን ታጥቦ ወደ ሰልፉ ተመለሰ፤ ሰልፉ ረጅም ነበርና።

በሦስተኛው ቡድን ደግሞ አንድ ግንበኛ በአራተኛው ቀን ሽንቱ ጠቆረ፤ ዓይኑ ብጫ ሆነ። ይህ ግን እየዋለ እያደረ ቀለሙ ተመለሰ፤ በአሥረኛው ቀን መዶሻውን አንሥቶ ድንጋይ መጥረብ ጀመረ። ድሬሰሩ ከልቡ ደስ አለው፤ ለዋና ሐኪሙ በላከው ወረቀት ላይም “ክኒኑን ባለማቋረጡ ዳነ” ብሎ ጻፈ። በካምፑም ግንበኛውን እያስቆመ “ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ ይላሉ፤ አንተ ክኒኑን እንዳትረሳ” እያለ ይቀልድበት ነበር። ግንበኛው በዚህ ቀልድ አንድ ቀን እንኳ ስቆ አያውቅም።

የድሬሰሩ ታላቅ እኅት የካምፑን አንሶላና የሠራተኛውን ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች፤ አንድ ልጇ ደግሞ በአራተኛው ቡድን ውስጥ ቦይ ቆፋሪ ነው። አባቱ ቀድሞ ስለሞተ ሌላ ልጅ አልወለደችም፤ ያላት እሱ ብቻ ነው። አራተኛው ቡድን ክኒን በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ እጇ ሳሙና እንደነካው መጥታ ከጠረጴዛው ፊት ቆመችና ከመቀነቷ አንድ ቋጠሮ ፈትታ ስድስት ክኒን ዘረገፈች፤ ጠርዛቸው በውሃ ሟምቷል።

“ከየት አመጣሽው?”

“ከግንበኛው ሸሚዝ። እጅጌውን ጠቅልሎ ጠቅልሎ ከጥቅሉ ውስጥ ነው የሚከታቸው።”

“ከዓይኔ ሥር? ምላሱን እኮ ሳላስነሣው ያለፈበት ቀን የለም!”

“አንተ የምታየው ምላስ ሥር ብቻ ነው። እሱ ጉንጩ ውስጥ ነው የሚይዘው። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ አንዲት አልዋጠም፤ ጠይቄው ነግሮኛል።”

ድሬሰሩ ተቆጥቶ ሊነሣ ሲል እኅቱ በትከሻው ይዛ አስቀመጠችው።

“ቁጣህን ተወውና ስማኝ፣ ወንድሜ። ያልዋጠው ዳነ፤ የዋጠው ሞተ። ጋሪ ነጂው የማን ልጅ ነበር?”

መዝገቡን ገልጦ የአባቱን ስም ሊያነብላት ሲል እጇን በገጹ ላይ አሳረፈች።

“የአባቱን አልጠየቅኩህም። እናቱስ ማን ናት?”

“እሱ አይጻፍም፣ እታለም።”

“አይጻፍማ! እኔ ልንገርህ። የጋሪ ነጂው እናትና የግንበኛው እናት እኅትማማች ናቸው። የእነሱ እናት ደግሞ የእናታችን ታናሽ ናት፤ አክስታችን። አንተ ከቤት ስትወጣ ሁለቱም የሚድሁ ልጆች ነበሩ፤ ኋላም ወዲያና ወዲህ ተድረው ሄዱ፤ በምን ታውቃቸዋለህ? እናታችን ‘የእኔ ወገን ወንድ መድኃኒት አይስማማውም’ ትል አልነበር? የእሷ ወንድም እንደዚሁ ዓይኑ ብጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጠቁሮ አይደል የሞተው?”

ድሬሰሩ መዝገቡን አየ። ጋሪ ነጂውና ግንበኛው በሁለት ገጽ ላይ፣ በሁለት አባት፣ በሁለት አያት ስም ሰፍረዋል፤ በወረቀቱ ላይ ከሆነ ባዳና ባዳ ናቸው። በሦስቱ ቡድን ካሉት ሦስት መቶ ሰዎች ሁለት ሰው ብቻ የታመመበትን ምክንያት ዋና ሐኪሙ በውሃው፣ በምግቡና በድንኳኑ ውስጥ ፈልገው አጥተዋል፤ በእናት በኩል የፈለገ ግን አልነበረም።

“ልጄ ነገ አራተኛ ቀኑ ነው” አለች እኅቱ። “ሌላ የለኝም። አትስጠው።”

“ዋና ሐኪሙ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ። እጠይቃቸዋለሁ።”

“ከነገ ወዲያ ሌላ ቀን ነው። እኔ ስለ ነገ ነው የምለምንህ።”

“እሺ፣ እታለም” አላት፤ ሲላትም ከልቡ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የእኅቱ ልጅ በሰልፉ መካከል ደረሰ፤ ከኋላው ሃምሳ ሰው ቆሟል፤ ከጎኑ ካቦው ሰዓቱን እያየ ቡድኑን ወደ ቦዩ ለመንዳት ይቸኩላል። ድሬሰሩ አንዱን ትቶ ለሌላው ቢሰጥ ሃምሳው ሁሉ እምቢ እንደሚል ያውቃል፤ ሳያስውጥ ዋጠ ብሎ መጻፍም ዕድሜውን ሙሉ አድርጎት አያውቅም። ወጣቱ ሳይታዘዝ አፉን በሰፊው ከፈተና “አጎቴ፣ ጥርሴን ቆጥረህ አልጨረስክም?” ብሎ ሰልፉን አሳቀ። ድሬሰሩም ክኒኑን ሰጠው። ሐሳቡን አመዛዝኖ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር፤ የደከመው እጅ ደግሞ የለመደውን ይሠራል።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣቱ ቦይ ውስጥ ተዝለፍልፎ ወደቀ። በቃሬዛ ሲያመጡት ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ የሸናው ጠቁሯል። ድሬሰሩ አልጋ አዘጋጅቶ አስተኛው። እኅቱ ከማጠቢያው ገንዳ ሮጣ መጥታ የልጇን ዓይን ገልጣ አየች፤ ከዚያም ወንድሟን አየችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ዋና ሐኪሙ በማግስቱ ሲመጡ ወጣቱ ትኩሳት ነበረው። ረጅም መንገድ በጭነት መኪና መጥተው ነበርና አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ነው ወደ አልጋው የቀረቡት።

“ወባ ነው። ክኒኑን ይቀጥል።”

“አይቀጥልም፣ ጌታዬ” አለ ድሬሰሩ።

“ምን አሉኝ?”

“አልሰጠውም። ገዳዩ ክኒኑ ነው፤ ለሁሉም ሰው ሳይሆን ለእኛ ወገን።” የእኅቱን ቃል ከነዘር ሐረጉ፣ ከነስድስቱ ክኒን ዘርዝሮ ነገራቸው።

ዋና ሐኪሙ ግንባራቸውን አሹ። “ይህ የሴቶች የዘር ቆጠራ ነው። እኔ ዛሬ ሦስተኛ ካምፕ መሆኔ ነው፤ በእያንዳንዱ ካምፕ ክኒን የሚሸሽ ሰው የሚፈጥረውን ምክንያት ሰምቻለሁ። ትእዛዙን ካልፈጸሙ ሥራዎን ያስረክቡ።”

“አስረክባለሁ። አስቀድመው ግን ደሜን ይዩልኝ። ሦስት ዓመት ትኩሳት ነክቶኝ አያውቅም። እኔና የልጁ እናት የአንድ እናት ጡት ነው የጠባነው። ክኒኑን እኔ ልዋጠው፤ ሽንቴ ካልጠቆረ እኔ ራሴ ልጁን አስውጠዋለሁ። እስከዚያው ድረስ ልጁን ይተዉልኝ።”

ሐኪሙ በማይክሮስኮፑ የድሬሰሩን ደም ቢያዩት ወባ የለበትም፤ የወጣቱን ቢያዩትም እንዲሁ የለበትም። ይህ ሁለተኛው ነገር የወጣቱን ደም ደግመው እንዲያዩ አደረጋቸው። “ሦስት ቀን” አሉ በመጨረሻ፤ መኪናቸውንም መልሰው ላኩ። ድሬሰሩ በጠረጴዛው ፊት ቆሞ በሰንሰለት በታሰረው ኩባያ ዋጠ፤ ሐኪሙም ወደ እሱ ጠጋ ብለው “አፍዎን ይክፈቱ፤ ምላስዎን ያንሡ” አሉት። ወሬው በቦዩ ሲዳረስ “አፍ ክፈት” አፍ ሲከፍት ለማየት ግማሹ ካምፕ መጣ፤ በማግስቱም መጣ። ግንበኛው ብቻ ከኋላ ቆሞ “ጉንጩንም እዩለት!” አለ፤ ሳቁን መመለስ የቻለ አልነበረም።

እነዚያን ሦስት ቀናት እኅቱ በልጇ አልጋ ግርጌ ተቀምጣ በማንኪያ ውሃ ስታጠጣው ሰነበተች። ወጣቱ ትንፋሹ አጭር ነበር፤ ቀና ሲያደርጉት ራሱን ያዞረዋል። ድሬሰሩ ገብቶ የልብ ምቱን ሲቆጥር እኅቱ ቦታ ትለቅለታለች፤ ሲወጣ ትመለሳለች፤ አንድም ቀን አላናገረችውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድሬሰሩ በወገቡ ላይ የጋሪ ነጂውን ሕመም አወቀው። ሽንቱን በንጹሕ ጠርሙስ ይዞ ገባና ዋና ሐኪሙ ቁርስ በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠው። ሐኪሙ ሁለቱን በየተራ አዩና ሻዩን ወደዚያ ገፉት።

“ይቀመጡ” አሉት ቀስ ብለው። “ከዚህ በኋላ አይውጡ። ሩቅ አገር ባለ የወታደር ሠፈር እንዲህ ያለ ነገር አለ ሲባል አንብቤ ነበር፤ እዚህ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም። ማሰብ ነበረብኝ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ሠራተኛ ክኒን ከመጀመሩ በፊት የእናቱና የእናቱ እናት ስም እንዲጠየቅ ታዘዘ። የካምፑ ጸሐፊ በመዝገቡ ላይ ለእናት የሚሆን ዓምድ የለም ብሎ ተከራከረ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ። ድሬሰሩም በገጹ ዳር ዳር፣ ክፍት በሆነው ቦታ ሁሉ፣ የእናቶችን ስም ጻፈ፤ እኅቱም እያጠበች ማን የማን አክስት፣ ማን የማን የልጅ ልጅ እንደሆነች በቃሏ ታስጽፈው ጀመር። ከድሬሰሩና ከእኅቱ የእናት አያት በሴት በኩል የወረዱ ሌሎች ሰባት ወንዶች በካምፑ ውስጥ ተገኙ፤ ሰባቱም ሳይውጡ ቀሩ። ሽንቱ የጠቆረ ማንኛውም ሰው ደግሞ ወገኑ ማንም ይሁን ማን በዚያው ሰዓት እንዲያቋርጥ ሆነ።

የእኅቱ ልጅ በዘጠነኛው ቀን ምግብ ጠየቀ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ከእናቱ ጋር ተጨቃጨቀ። ያን ጊዜ ነው እኅቱ ለወንድሟ የተናገረችው፤ “ዳነልን” አለችው፤ ከዚያም ፊቱን ሳታይ “የዚያችስ ልጅ?” ብላ ወደ ገንዳዋ ተመለሰች።

ድሬሰሩ ገና ዓይኑ ሳይጠራ፣ በየመቶ እርምጃው እያረፈ፣ ግማሽ ቀን ተጉዞ የጋሪ ነጂው እናት ቤት ደረሰ። አንድ ክፍል ቤት ነው፤ በግድግዳው ላይ አለንጋና አሮጌ የበቅሎ ልጓም ተሰቅሏል፤ ሴትየዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጆንያ ትጠግናለች። የካምፑ ድሬሰር መሆኑን ነገራት። ሐዘንተኛ ሊጠይቅ የመጣ መስሏት “እግዜር ይስጥልኝ፤ ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ” አለችው። እሱ ግን እንደ ቆመ ሁሉንም ነገራት፤ ልጇን ወባ እንዳልገደለው፣ ክኒኑ እንደገደለው፣ ልጁ ራሱ ይህን አውቆ እንደ ተናገረ፣ መንጋጋውን ይዞ ያስዋጠው እሱ መሆኑን፤ በመጨረሻም እሱ ራሱ የማን ልጅ እንደሆነ ተናገረ።

ሴትየዋ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካች።

“የአክስቴ ልጅ ነህ እንግዲህ” አለች፤ እርስዎ ማለቷንም ተወች።

“አዎ።”

“የእኅትህም ልጅ ታሞ ነበር ሲሉ ሰማሁ።”

“ታሞ ነበር። ሽንቱ ሲጠቁር ክኒኑን አቆምኩ፤ ዳነ።”

“የእኔ ልጅ ሽንቱ ሲጠቁር ለምን አላቆምክም?”

ያን ጊዜ አላውቅም ነበር የሚለው መልስ በአፉ ላይ ነበር፤ ውሸትም አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር የሚለውም እንዲሁ እውነት ነው። መንገዱን ሙሉ ሁለቱን መልሶች ሲያዘጋጅ ነው የመጣው። ነገር ግን ለእኅቱ ልጅ ሲል ትእዛዝ እንደሻረ፣ እርግጠኛ ሳይሆን ሥራውንና ነፍሱን እንዳስያዘ ያውቃል፤ ለጋሪ ነጂው ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ቆም ብሎ አላሰበም።

“የእኔ ስላልመሰለኝ ነው” አላት።

ሴትየዋ ጆንያውን ከጭኗ አወረደች። ከዚያ ተነሥታ ገብታ በጣሳ ውሃ አመጣችለት፤ ሲጠጣ ፊቱን ትመለከት ነበር።

“ዓይንህ ብጫ ነው። የእሱም እንደዚህ ነበር?”

“አዎ፣ እንደዚህ ነበር።”

“እንግዲህ አየሁት” አለች፤ ጣሳውንም ተቀብላ “በል ሂድ፣ ሳይመሽብህ” አለችው።

ረግረጉ ከሁለት ዓመት በኋላ ደረቀ፤ ባቡሩም አለፈበት፤ ጠቅላይ ሹሙ ተሾሙ። ዋና ሐኪሙ ያዩትን ሁሉ ጽፈው አሳተሙ፤ በጽሑፉም ውስጥ አንድ የካምፕ ድሬሰር በገዛ ሰውነቱ ላይ ስላደረገው ሙከራ ሁለት መስመር ይገኛል፤ ስለ ልብስ አጣቢዋ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ከካምፑ ነገር አራት ዓመት በኋላ ሊቃውንት በአንዳንድ ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ አንድ ነገር እንደሚጎድል፣ ጉድለቱም ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንደሚወርድ ደረሱበት፤ ወባ ባለበት አገር ይህ ጉድለት ሳይጠፋ የኖረው ምናልባት ከወባ ሞት ስለሚያስመልጥ ይሆናል አሉ። ያች አያት ለልጆቿ ልጆች ያወረሰችው ነገር በአንድ በኩል ጋሻ፣ በሌላ በኩል ዕዳ ነበር ማለት ነው። ክኒኑም እየተለየ ሲሰጥ የብዙ ሰው ነፍስ አተረፈ። ታሪክ ይህን ሁሉ መዝግቧል፤ የመዘገበውም ልክ ነው። ድሬሰሩ በዚያ ደጃፍ ላይ የሰጠውን መልስ ግን የሰማችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ከዚያ በኋላ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ለማንም አልተናገረችውም።